ለከሃዲው ንጉሥ ጥብቅና ስቆም

የታሪክ አስተማሪያችን «ያለኝ ቦታ አንድ ብቻ ነው» ብላ ሳትጨርስ እጄን አወጣሁ። ከፊቴም ከኋላዬም ብዙ እጆች ወጡ። ቦታው በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ላይ ነው። ከፍራንክፈርት በስተሰሜን ባለው በታውኑስ ጫካ ውስጥ የሮም ወታደሮች በእንጨትና በአፈር የሠሩት ትንሽ ምሽግ ሊቆፈር ነበር። ቆፋሪዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ከእኛ ትምህርት ቤት ግን ነሐሴ ላይ ለሁለት ሳምንት አንድ ሰው ብቻ ይወስዳሉ።

ያንን ቦታ እንዴት እንደፈለግሁት መናገር ያቅተኛል። የምንኖረው በፍራንክፈርት ዳር፣ ዞሰንሃይም ነው፣ ፎቅ ላይ። በረንዳችን ወደ ታውኑስ ያያል። ሰማዩ ጥርት ሲል ጫካው ልብስ ከማሰጣበት ገመድ በላይ ሰማያዊ ሆኖ ይታየኛል። እዚያ ውስጥ ሮማውያን መንገድና ምሽግ እንደሠሩ ከተማርኩ ጀምሮ እኔ ልብስ ሳሰጣ ቶሎ አልጨርስም። እናቴ ከውስጥ ሆና «ሸሚዞቹን እያነበብሻቸው ነው እንዴ?» ትለኛለች።

«እንግዲያው በክርክር ይለይላችኋል፤ በመላው ክፍል ፊት» አለች አስተማሪያችን። ይህን ስትል እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የቀረነው ሁለት ነን፤ እኔና የክፍላችን አንደኛ። እሷ ስትናገር አስተማሪዎች እንኳን እስክሪብቶ ያነሣሉ።

ጥያቄው ይህ ነበር። ጫካውን ለመያዝ የራይንን ወንዝ ተሻግሮ የመጣው ንጉሠ ነገሥት እውነተኛ የጦር መሪ ነው ወይስ ጉረኛ?

«ጉረኛ!» አለች አንደኛዋ፣ ጥያቄው ገና ከአስተማሪዋ አፍ ሳይወጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ፈገግ አለች። «አዝናለሁ፤ ለአንቺ የተረፈው ተሸናፊው ነው።»

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እናቴ በቤቷ እንዲጠራ አትፈልግም፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። ሮማውያኑም ራሳቸው ሲሞት ስሙን ከየድንጋዩ በመሮ ፍቀውታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም።

ዌስትኤንድ ባለው የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ስለ እሱ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። መጀመሪያ አሳዘነኝ። አባቱ ንጉሠ ነገሥት፣ ታላቅ ወንድሙ ስመ ጥር የጦር አዛዥ፣ እሱ ሁለተኛ ልጅ። ወንድሙ ኢየሩሳሌምን ከቦ አሸንፎ ሮም በድል ሲገባ እሱ በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ እንዲያጅብ ተደረገ። ለማጀብ! ዘመቻ ልምራ ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ አባቱ ከለከለው። ወንድሙ ሞቶ ዙፋኑ ላይ ሲወጣ ሮም በሙሉ «ይኼ ደግሞ ምን ያውቃል?» ብሎ እጁን አጣምሮ የሚያየው ይመስለኛል።

እሱ ምን አደረገ? ወደ ጋሊያ፣ ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ሕዝብ ለመቁጠር እሄዳለሁ አለና ተነሣ። ከዚያ ሳይታሰብ በማይንትስ በኩል ራይንን ተሻገረ። ማይንትስ እኮ በከተማው ባቡር፣ በኤስ-ባን፣ የምንሄድባት ማይንትስ ናት! እዚህ እኛ ጋ ካቲ የሚባሉ ተዋጊዎች ነበሩ። ከጫካ ብቅ ይላሉ፣ ይመታሉ፣ ተመልሰው ጫካ ይገባሉ። እሱ በየዛፉ ሥር አላሳደዳቸውም። ጫካውን ሰንጥቆ ረጅም ረጅም መንገድ አስወጣበት፤ መደበቂያቸው ተገለጠ። ፈረሰኞቹ በዛፍ መሃል መዋጋት ሲያቅታቸው ከፈረስ ወርዳችሁ በእግር ተዋጉ ብሎ አዘዘ። ምሽግ ለመሥራት የገበሬ መሬት ሲወስድ ደግሞ ለሰብሉ ካሣ እንዲከፈል አደረገ። ይህን ሁሉ የጻፈው በዚያው ዘመን የኖረ፣ ራሱም ጦር የመራ ሮማዊ ነው። እኔ እንደሆንኩ ካነበብኩት በኋላ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ጎኔ ያለው ተማሪ «ደህና ነሽ?» አለኝ።

ቤት ስገባ የመጀመሪያው ታዳሚዬ አባቴ ነበር። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ፍሉግሃፈን፣ ሻንጣ ይጭናል፤ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል።

«ንጉሥሽ እንዴት ዋለ?»

«ለወታደሮቹ ደሞዝ ጨምሯል።»

«በምን ያህል?»

«በሲሶ።»

«በሲሶ!» እግሩን ከወንበሩ አወረደ። «በቃ፣ ጥሩ ጄኔራል ነው፤ ክርክሩ አልቋል። የእኛ አለቃ ይህን ሰውዬ ያውቀዋል?»

ክርክሩ ግን አላለቀም። አንደኛዋ ይዛ የምትመጣውን አውቀዋለሁ። አንድ ታላቅ የሮም ታሪክ ጸሐፊ በዚህ ንጉሥ ላይ ተሳልቆበታል፤ ድሉ ውሸት ነው፣ የተማረከም ሰው የለም፣ ባሪያዎች ገዝቶ ጸጉራቸውን እንደ ምርኮኛ አስበጥሮ በሰልፍ ሊያሳይ ነበር ይላል። ሳነበው በጣም ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ነው የደነገጥሁት፤ ክፍሉም እንደኔ እንደሚስቅ ገባኝ። የሳቀ ክፍል ደግሞ ስለ መንገድና ስለ ካሣ አይሰማኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን በሚከራየው አዳራሽ አማርኛ መጻፍ እማራለሁ። የሚያስተምሩን ጋሼ በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው፣ አገር ቤት ነገሩ ተበላሽቶ እዚሁ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን በምሕንድስና ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ትናንሾቹ ልጆች በጀርመንኛ ሲመልሱላቸው የማይሰሙ ይመስላሉ። እኔም ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ሳደርጋቸው ነበር የኖርኩት። በዚያን ቀን ግን ሁሉም ከወጡ በኋላ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«በአማርኛ ከሆነ ሁለትም ጠይቂ።»

ስለ ክርክሩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ደንበኛሽ ማን ነው?»

«የሮም ንጉሠ ነገሥት።»

«ከበድ ያለ ደንበኛ ይዘሻል። ምን አደረገ ተባለ?»

«ሳያሸንፍ አሸነፍኩ አለ ተብሎ ነው።»

«ከሳሹስ?»

«አንድ ታሪክ ጸሐፊ።»

«ምስክሩስ?»

«እሱው ራሱ።»

«ከሳሹም እሱ፣ ምስክሩም እሱ! ጦርነቱ ቦታ ነበር?»

«አልነበረም መሰለኝ።»

«መሰለኝ የሚባል ነገር ችሎት ፊት የለም። አጣርተሽ ነይ። ንጉሡን ይወደዋል?»

ትዝ አለኝ። «የጸሐፊው ሚስት አባት ብሪታንያ ላይ ትልቅ የጦር አዛዥ ነበር። ሰውየው ድል እያደረገ ሳለ ንጉሡ ጠርቶ ቤቱ አስቀመጠው። ጸሐፊው ይህን አልረሳም።»

ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ጠበኛ! ጠበኛ ምስክር ነዋ! አንቺ ልጅ፣ ይህን ይዘሽ ነው ፊትሽን ያጠቆርሽው?»

የእሳቸው አባት አገር ቤት በሙግት የታወቁ ሰው ነበሩ። የድሮ ሙግት እንዴት እንደነበር ያን ቀን አስረዱኝ። ሁለት ሰዎች ከተጣሉ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው «በሕግ አምላክ!» ብለው ያስቆሙታል፤ እሱም ቆሞ ይዳኛቸዋል። ተሟጋቹ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፣ ክንዱን ይዘረጋል፣ በበቅሎ ወይም በማር ይወራረዳል። የተቃራኒውን ምስክር «ጠበኛዬ ነው» ብሎ ይቃወማል። ምስክሩ ሩቅ አገር ካለ ደግሞ ሄዶ የሚያመጣበት ቀጠሮ ይለምናል። «የሚታመነውን ደግሞ እመኚ» አሉኝ። «እውነት የሆነውን ከካድሽ ዳኛው ሌላውንም አይሰማሽም።»

«አሁን እንሞክረው» ብለው ወደ ኮሪደሩ ይዘውኝ ወጡ። ነጠላ ስላልያዝኩ የጂንስ ጃኬቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ። አንዲት ሴት የወረቀት ኩባያ ታቅፋ ወደ ወጥ ቤት ስታልፍ ጋሼ ከጀርባዋ «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። ሴትዮዋ ኩባያዎቹን ልትጥል ምንም አልቀራትም። ዞር ስትል እናቴ ናት።

«ዳኛ ሁኚልን» አሏት ጋሼ።

«እኔ?» አለች፤ ግን ወዲያው ኩባያዎቹን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለካ እናቴ ዳኛ መሆን ትወዳለች።

እኔም ክንዴን ዘርግቼ ጀመርኩ። ስለ ጫካው፣ ስለ መንገዱ፣ ከፈረስ ስለ መውረዱ። በአማርኛ ይህን ያህል ረጅም ነገር ለእናቴ ተናግሬ አላውቅም። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ለሰብሉ ካሣ አስከፈለ ስላት «ይህስ ደግ አደረገ» አለች። ጋሼ ጠቀሱኝ። ልረታ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ለመሆኑ ይኼ ንጉሥ የትኛው ነው?» አለች።

ስሙን ነገርኳት።

እናቴ ቀስ ብላ ከወንበሩ ተነሣች። «ወንጌላዊውን ፍጥሞ ደሴት ያጋዘው?»

«አዎ፣ እንደዚያ ይባላል፤ ግን እኛ የምንከራከረው ስለ ጦር አመራሩ…»

«ጥፋተኛ ነው!»

«ማሚ፣ ምስክር እንኳን አልሰማሽም!»

«ስንክሳር ሰምቻለሁ።»

«ይግባኝ!» አሉ ጋሼ፣ ከሳቅ ጋር እየታገሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ደግሞ ከዚህ ከሃዲ ጋር! ይግባኝ የለም።» ኩባያዎቿን አንሥታ ልትሄድ ካለች በኋላ ዞር አለች። «ብትረቺ ምን ትሸለሚያለሽ?»

ስለ ቁፋሮው ነገርኳት።

«መቼ ነው?»

«ነሐሴ።»

«ፍልሰታን?» አለች። ኩባያዎቹን ታቅፋ ገባች። ከነገሥታቱ ሁሉ ይልቅ ያቺ አንዲት ቃል አስፈራችኝ። ቢሆንም ወደ ኋላ አላልኩም። መጀመሪያ ክፍሉን ልርታ፣ ከዚያ ቤቱን አያለሁ አልኩ።

የክርክሩ ቀን መጣ። አንደኛዋ ጀመረች። እንደፈራሁት የባሪያዎቹን ጸጉር አመጣች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተራዬ ሲደርስ ጃኬቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ተነሣሁ። ክንዴን ወደ እሷ ዘረጋሁና በጀርመንኛ፣ ድምፄ የቻለውን ያህል «ደንበኛዬ ጉረኛ አይደለም፤ በበቅሎ እወራረዳለሁ!» አልኩ።

ከፊት የተቀመጡት ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ለምን ትቆጪያለሽ?» አለች አስተማሪያችን።

«አልተቆጣሁም!» አልኩ፣ የባሰ ጮክ ብዬ። «እየተከራከርኩ ነው!»

«ጣትሽን ወደ ሰው አትቀስሪ። እባክሽ ተቀመጪና ተረጋጊ።»

አንዱ ከኋላ «በቅሎ ነው ያለችው?» ብሎ ጠየቀ። ጆሮዬ ጋለ። ኮሪደሩ ላይ ያማረብኝ ሁሉ እዚህ ጠብ ሆኖ ታየ። ለአንድ አፍታ ሁሉን ትቼ መውጣት አማረኝ። ግን ወጥቼ የት እደርሳለሁ? ጫካው እንደሆነ በረንዳዬ ላይ እየጠበቀኝ ነው። እነዚያ ፈረሰኞችም ዛፍ መሃል ሲገቡ ፈረሱ እንቅፋት ሆነባቸው እንጂ ጦርነቱ አልቀረም፤ ወርደው ቀጠሉ። እኔም ጃኬቴን ወንበሩ ላይ አኖርኩ፣ ተቀመጥኩ፣ እጆቼን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ?» አልኳት።

«ጠይቂ።»

«ጸሐፊሽ እዚያ ጫካ ውስጥ ነበር?»

«ነበር የሚል አላገኘሁም።»

«የሚስቱ አባት ማን ነበር?»

ታውቀዋለች። ማወቋ ፊቷ ላይ ታየ፤ እስክሪብቶዋን አዟዟረች። ለክፍሉ እኔው ነገርኳቸው። ንጉሡ ያንን አዛዥ ከብሪታንያ እንዴት እንደጠራው፣ አማቹም ብዕር ይዞ እንዴት እንደተቀመጠ። «የአንቺ የቤተሰብ ጠላት የፈተና ማርክ ቢሰጥሽ ትቀበያለሽ?» አልኳት። ከኋላ «ኦ!» የሚል ተሰማ።

እሷ ግን አንደኛ የሆነችው በከንቱ አይደለም። «እሺ» አለች። «ዳኑብስ? ዳኑብ ወንዝ ላይ ጦሩ ከነአዛዡ አልተደመሰሰም? በኋላስ ሰላሙን በወርቅ አልገዛም?»

ጋሼ ያሉኝ ትዝ አለኝ። «አምናለሁ። ዳኑብ ላይ ብዙ ሰው አልቆበታል፤ ሰላሙም ያዋርዳል ያሉ ብዙዎች ናቸው። ጎበዝ ነው እንጂ አይሸነፍም አላልኩም። ደግሞም እዚያም ቢሆን ቆይቶ ጦሩ ተመልሶ አሸንፏል።»

አስተማሪያችን የሆነ ነገር ጻፈች። ያኔ አንደኛዋ ወደ ፊት ዘንበል አለች። «አሁን እኔ ልጠይቅ። ስለ መንገዱና ስለ ፈረሰኞቹ የጻፈልሽ አዛዥ፣ መጽሐፉን ሲጽፍ ንጉሡ በሕይወት ነበር?»

«ነበር።»

«ክፉ ቢጽፍበት ምን ይደርስበታል?»

ሁሉም ያውቃል። ይህ ንጉሥ የጠረጠረውን ይገድላል።

«እንግዲህ የእኔ ምስክር ይጠላዋል፣ የአንቺ ምስክር ይፈራዋል። ማንን እንመን?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። የራሴን ዱላ ተቀብላ መታችኝ! እውነቱን ለመናገር፣ እዚያው ተቀምጬ አደነቅኋት። ክፍሉ ይጠብቃል። በመስኮቱ በኩል ምንም አይታይም፤ የሌላ ሕንጻ ግድግዳ ብቻ። ጥያቄዋን በአእምሮዬ ደግሜ አልኩት፤ ማንን እንመን? ከዚያ መልሱ መጣልኝ፤ ደስታው ከአፌ ቀድሞ ፊቴ ላይ ወጣ መሰለኝ፣ አስተማሪያችን ቀና ብላ አየችኝ።

«ሁለቱንም አንመን» አልኩ። «ይውደቁ። ሦስተኛ ምስክር አለኝ፤ የማይጠላ የማይፈራ። መንገዱ ተሠርቶ ከሆነ መሬቱ ውስጥ አለ። ምሽጉ ለይምሰል የተሠራ ከሆነም ያሳብቃል፤ ቦዩ አጭር ይሆናል፣ ምሰሶው ቀጭን ይሆናል። ምስክሬ ታውኑስ ጫካ ውስጥ ተቀብሯል። በአገሬ የድሮ ሕግ ምስክሩ ሩቅ የሆነበት ሰው ቀጠሮ ይለምናል። እኔም ቴርሚን ይሰጠኝ፤ ሄጄ ላምጣው።»

አስተማሪያችን ሳቀች፤ ክፍሉም ሳቀ፤ አሁን ግን ሳቁ ከእኔ ጋር ነበር። «ጄኔራል ይሁን ጉረኛ አልለየንም» አለች። «ማን ሄዳ መቆፈር እንዳለባት ግን ለይተናል።»

ስንወጣ አንደኛዋ ክንዴን ያዘችኝ። «በቅሎ ከየት ነው የማመጣልሽ? በረንዳችሁ ላይ ትቆማለች?»

እቤት እስክደርስ ድረስ እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል። ቀሪው የወላጅ ፈቃድ ነው። እናቴ በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣለች። እንዳየችኝ ገባት።

«ረታሽ?»

«ረታሁ!»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለች፤ ሸሚዝ አራግፋ ሰቀለች። «ፍልሰታን ግን የትም አትሄጂም።»

ያኔ የተማርኩትን ሁሉ ተጠቀምኩ። ስለ አገሩ ታሪክ ተናገርኩ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ተናገርኩ፣ አንቺ ንጉሡን ስለምትጠዪው ዳኛ ልትሆኚ አትችዪም አልኳት። ስናደድ ሳላስበው ወደ ጀርመንኛ እገባለሁ፤ ገባሁ።

«በጀርመንኛ አትጩኺብኝ» አለች። እናቴ የምትሠራው አረጋውያን ማረፊያ ነው። «ቀኑን ሙሉ በጀርመንኛ የሚጮሁብኝ ሽማግሌዎች አሉኝ።»

እሷ መቆንጠጫ በአፏ ይዛ ትንሽ ሠራች፤ ከዚያ አወጣችው።

«ኡርላውቤን፣ የዓመት ዕረፍቴን፣ ሁልጊዜ ነሐሴ የማደርገው ለምን ይመስልሻል? ሁሉም ነሐሴን ይፈልጋል። ልጅ አለኝ፣ ልጄ ትጠብቀኛለች እያልኩ ነው ተጣልቼ የማወጣው። ሌላውን ጊዜ እኔ ስገባ አንቺ ትወጪያለሽ። አብረን ባቡር የምንሳፈረው፣ ጎን ለጎን የምንቆመው ያኔ ነው። ስለ ንጉሡ መሰለሽ? ንጉሡ ከሞተ ስንት ዘመኑ!»

እንደዚህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ግን ቁፋሮውንም አልተውኩትም። ትቼዋለሁ ብላት ውሸት ይሆናል፤ ፍልሰታን ሙሉ ፊቴን እንዳጨፈገግሁ ነበር ጎኗ የምቆመው። ከቅርጫቱ አንድ ፎጣ አንሥቼ መስቀል ጀመርኩ። በአማርኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጥኩ፣ የማደርገውን ነገርኳት። እዚያም እጾማለሁ፤ ግማሾቹ ተማሪዎች እንዲያውም ሥጋና ወተት አይነኩም፣ ማብሰያ ድስታቸው ለብቻው ነው። እሑድ እሑድ በጠዋት ተሳፍሬ ቅዳሴ እደርሳለሁ። ቁፋሮው ከጾሙ ቀድሞ ስለሚያልቅ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከጎኗ አልጠፋም፤ አብረን እንቆርባለን።

«በመሃል ደግሞ አንቺ ነይ» አልኳት። «ኡርላውብ ላይ ነሽ።»

«የእሱ ምሽግ ውስጥ? እኔ?»

«ጫካም እኮ ነው። ጫካ ትወጃለሽ።»

እናቴ ፎጣው ላይ ያደረግሁትን መቆንጠጫ አስተካከለች፤ ጠማማ ነበር። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለንስሐ አባቷ ደወለች። «አባ፣ እንደምን ዋሉ… ልጄ አፈር ልትቆፍር ነው… አይ፣ አይ፣ መቃብር አይደለም… የወታደር ሰፈር ነው፣ የድሮ… እሺ… እሺ አባ።» ዘጋችው። «ሥራው ከባድ ስለሆነ እስከ ስድስት ሰዓት ጹሚ ብለዋል። ከስድስት በፊት ውሃም ቢሆን…»

አልጨረሰችም፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ነበር።

አባቴ ከሥራ ሲገባ ሁለታችንም እየሳቅን አገኘን። «ማን ረታ?»

«አባ ናቸው የረቱት» አለች እናቴ።

ቁፋሮው እንዳሰብኩት አልነበረም፤ በለጠብኝ። ወርቅ የለም፣ ሰይፍ የለም። ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ በትንሽ የግንበኛ ማንኪያ አፈር እፍቃለሁ፣ እፍቃለሁ፣ ባልዲ እሞላለሁ፣ እደፋለሁ። የቁፋሮው ኃላፊ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ሦስተኛ ምስክሬን ፍለጋ እንደመጣሁ ስነግራት «ምስክሩ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው» አለችኝ። አንድ ጠዋት የጉድጓዱን ግድግዳ ስናጸዳ በቢጫው አፈር ላይ እንደ ትልቅ የላቲን «ቪ» ፊደል ወደ ታች የሚሾል ጥቁር ምልክት ወጣ። የምሽጉ ቦይ ነው፤ ወታደሮቹ ቆፍረውት ኋላ በቅጠልና በጭቃ የተሞላው። ጥልቅ ነው። ለይምሰል ሰው እንዲህ አይቆፍርም አልኩ፤ ኃላፊዋ ግን «ጥልቅ መሆኑን ጻፊ፤ ለምን እንደሆነ ገና ነው» አለችኝ። ማን እንዳስቆፈረውም ገና ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጣ ንጉሥ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ አላናደደኝም። የበለጠ መቆፈር አማረኝ።

እናቴ በሳምንቱ አጋማሽ መጣች። በጫካው መንገድ ነጠላዋን ከዝናብ ጃኬቷ በላይ አጣፍታ፣ በሁለት እጇ የተሸከመችው ዘንቢል ወደ አንድ ጎን አዘንብሏት ስትወጣ ሁሉም ቆሞ አያት። ኃላፊዋን ጨብጣ፣ ቦዩ አፍ ላይ ቆማ ወደ ታች ተመለከተች።

«ይህን ሁሉ በእጃቸው ነው የቆፈሩት?» አለች በጀርመንኛ።

«ወታደሮቹ ናቸው፤ በእጃቸው» አለች ኃላፊዋ።

«ምን እየበሉ?»

ኃላፊዋ ፊቷ በራ፤ ይህን የሚጠይቃት ሰው ያገኘች አይመስለኝም። ባብዛኛው እህል፣ አንዳንዴ ምስር፣ ባቄላ አለቻት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምስር!» አለች በአማርኛ። «ያሳዝናሉ። ወታደሮቹን ነው ያልኩት፤ እሱን አይደለም።»

እኔ ግን ከቦዩ በላይ፣ ምሽጉ ውስጥ እንድቆፍር በተሰጠኝ ካሬ መሬት ላይ ነበርኩ። ከማንኪያዬ ሥር ክብ የሆነ ጠቆር ያለ አፈር ብቅ ማለት ጀምሯል፤ ዙሪያው ቢጫ፣ መሃሉ ጥቁር፣ ከባልዲ አፍ ሰፋ ያለ። ኃላፊዋ መጥታ ከጎኔ ተንበረከከች። «ምሰሶ የቆመበት ይመስላል» አለችኝ ቀስ ብላ። «ጠርዙን ተከተይ። አትቸኩዪ።»

ከኋላዬ የዘንቢሉ ክዳን ሲከፈት ተሰማኝ። የሽሮው ሽታ ደረሰኝ፤ ጠዋት ምንም አልቀመስኩም።

«ስድስት ሰዓት ሆኗል» አለች እናቴ። «ነይ ውጪና ብዪ።»

«እሺ ማሚ፣ መጣሁ።»

አልመጣሁም። ጠርዙ ወደ ግራ እየዞረ ነበር።